የወንድሜን የባጃጅ ባትሪ የሰረቅኩ ዕለት

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሰማችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ግድ የለም፣ ልንገራችሁ!

ልጆች ሆነን አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አንዴ ከጅቡቲ ሲመለስ የመኪና ውድድር መጫወቻ አመጣልን። መሐሉ ቦይ ያለው የፕላስቲክ መንገድ፣ ቦዩን ይዘው በኤሌክትሪክ የሚበሩ ሁለት ሚጢጢ መኪኖች። እጀታ መጫን ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ ሁሌ ያሸንፈኛል። ሁሌ! አንድ ቀን እንኳ አዝኖልኝ አያውቅም።

ያ ታሪኩ ዛሬ ባጃጅ ሹፌር ነው። ነበር ልበል? ባጃጇ ተገልብጣ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጀሶው ከወጣለት ወራት አለፉ፣ ሐኪሙም "ሥራህን ጀምር" ብሎታል። እሱ ግን በረንዳ ላይ ለባጃጇ ጀርባውን ሰጥቶ ይውላል። ሳቅ የሚባል ነገር የለም። ዝምታው ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ዕቃ ቤት ሳጸዳ ያንን ካርቶን አገኘሁት! መኪኖቹ አሉ፣ መንገዱም አለ። ትራንስፎርመሩ ግን ድሮ ተቃጥሏል።

ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠሩት እኮ እኔን ነው! (ሪስታርት ነው የማደርገው፣ ለማንም እንዳትነግሩ።) ሁለት ቪዲዮ አየሁና መፍትሔው ተገኘ፤ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ።

ግቢያችን ውስጥ እንዲህ ያለ ባትሪ የት አለ?

አዎ። ሳላስፈቅድ ፈትቼ ቻርጅ አስደረግኩት።

ዛሬ ጠዋት መንገዱን በረንዳው ላይ፣ እፊቱ ዘርግቼ በሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። ቀና ብሎም አላየኝ። ምስክር እንዲሆኑ ጎረቤታችንን እትዬ ዘይነባን ጠራኋቸው።

"ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ልክህን ነው የማሳይህ!" አልኩ፣ ሰፈር እንዲሰማ አድርጌ።

እጀታውን ተጫንኩ።

መኪናዋ ወደኋላ!

"ልጄ፣ መኪናሽ ቤት የረሳችው ነገር አለ መሰለኝ" አሉ እትዬ ዘይነባ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጭራሽ ጠበቅ አደረግኩት። መኪናዋ ከቦይዋ ዘላ ወጥታ የእትዬ ዘይነባን እግር መታች፤ እሳቸውም ወንበር ላይ ወጡ። በዚህ ዕድሜያቸው!

ከዛ ድምፅ ሰማሁ። ታሪኩ ነው። እየሳቀ ነው! እንባው እስኪወርድ! እኔ ግን የምሬን አለቀስኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ አትለዪም?" ብሎ ከወንበሩ ወረደ። ያንን እግሩን አጥፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ሽቦዎቹን አቀያየራቸው። ሁለተኛውን እጀታ አነሳ።

አሥራ አንድ ለዜሮ። ዛሬም አያዝንልኝም!

ሲበቃው ባትሪውን አየት አደረገና "ይሄ የኔ አይደል እንዴ?" አለ። አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጣም። ታቅፎት ተነሳና ባጃጇ ላይ ገጠመው። "ጉዱማሌ ፓርክ ድረስ ሞክሬያት ልምጣ" ብሎ ወጣ። ከሄደ ሦስት ሰዓት አለፈ። ስደውልለት "ሰው ጭኛለሁ፣ በኋላ!" ብሎ ዘጋብኝ።

እኔም ተደብቄ ልለማመድ ብል ባትሪ የለኝም። ስለዚህ እሱን የተሳፈራችሁ ካላችሁ "እህትህ ባትሪዬን መልስ ብላለች" በሉልኝ።

ቆይ፣ ተዉት፣ ምንም እንዳትሉት። እናንተ ብቻ ንገሩኝ፤ እየሳቀ ነው?