አባዬ ያመሰገነኝ ሳምንት

በጠዋት በር ሲንኳኳ አልወድም። ቀን አንኳኩ፣ ማታ አንኳኩ፣ ግድ የለኝም። ጎህ ሳይቀድ የሚያንኳኳ ሰው ካለ ግን፣ ቆጣሪ አንባቢም ቢሆን፣ ከአልጋዬ አልወርድም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከአቃቂ ሳይሆን ከአውሮፓ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ አቃቂ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ነኝ። አዲስ ማሽን ተገዛና ሻጮቹ ጠጋኙን ላኩልን፣ እናሠልጥነው አሉ። ሁለት ሳምንት ጀርመን አገር ሥልጠና፣ ከዚያ በዓመት ፈቃዴ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ ከከተማ ከተማ መዞር። ዕቅዴን ስናገር ሰፈሩ ተሳሳቀ። ሊዞር ሳይሆን ሊጠፋ ነው አሉ። ሽኝቱ ላይ ሁሉም ዳግመኛ እንደማያየኝ አድርጎ ነው ያቀፈኝ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ደግሞ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ለመመለስ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም" አሉኝ።

አልተሳሳቱም። እዚያው አውሮፓ የሚኖር አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ፣ "ና ብቻ፣ እኔ ያለሁበት ምግብ ቤት እቃ አጣቢ ይፈልጋሉ" ብሎኝ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለአባዬም ጭምር።

አባዬን የአቃቂ ሰው ጋሽ ተሰማ ነው የሚለው። ዕድሜውን የፈጀው በምድር ባቡር ነው፤ አቃቂ ጣቢያ የሐዲድ መቀየሪያውን እጀታ የሚስበው እሱ ነበር። ባቡሩ ከቆመ ከስንት ጊዜ በኋላ እንኳ ምሳ እየበላ ድንገት ሰዓቱን ያይና "ይኼኔ የድሬዳዋው ይገባ ነበር" ይላል። ደግሞ ሰው ማመስገን የሚባል ነገር አያውቅም። ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤለት ስሮጥ "አንደኛው ማነው?" ያለ ሰው ነው። ስሄድ ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየሄድኩበት የባቡር ጣቢያውን ፎቶ አንስቼ እንድልክለት። ስልክ ላይ መተየብ አይችልም። ጣቱ ሰፊ ነው፣ አንድ ፊደል ሲነካ ሦስት ይመጡለታል። ስለዚህ የሚመልስልኝ ድምፁን እየቀዳ ነበር። የሙኒክን ጣቢያ ላኩለት። እሱም፣ "ሰፊ ነው። ግን ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። አንተም ፀጉርህን ተቆረጥ" አለኝ።

እስቲ ስላደርኩበት ሆስቴል፣ ስለ ወጣት መንገደኞች ርካሽ ማደሪያ፣ ላውራችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ያድራል። የመጀመሪያው ቀን ገብቼ ሁሉንም በየተራ እየጨበጥኩ ሰላም አልኩ። አንዱ ተኝቷል። እሱንም ቀሰቀስኩት፤ ሰላም ያላልኩት ሰው አጠገብ እንዴት አድራለሁ? ሰውዬው እሳት የተነሳ መስሎት ጫማውን ፍለጋ አልጋ ስር ገባ።

ወጥ ቤቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ማቀዝቀዣውን ብትከፍቱ ወተቱ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል፣ እንቁላሉም እንደዚያው። አንዱ አይብ ላይ "አትንኩ" የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። እኔ ከሳሪስ አቦ ገበያ ገዝቼ የያዝኩትን ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ "እንብላ" አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዷ ልጅ ቀስ ብላ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሁላችንም ነው ስላት ስም ፈልጋ ከረጢቱን አገላበጠችው። በማግስቱ ግን እዚያ ሆስቴል ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሲመሽ በሰልፍ እንወጣለን። አንድ የሆስቴሉ ሠራተኛ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይመራል፣ እኛ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እንከተለዋለን። ጃንጥላውን ባየሁ ቁጥር ክብረ በዓል ትዝ እያለኝ ሰውነቴን ቀጥ አደርጋለሁ፤ መድረሻችን ግን ቢራ ነው። ደስ ይል ነበር ወይ? ደስ ይል ነበር። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አሁን የሚቆረቁረኝም እሱው ነው።

ፕራግ ስደርስ እንደ ልማዴ ጣቢያውን አንስቼ ላኩ። መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ "በጣም ያምራል ልጄ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ" ይላል። አባዬ መተየብ ለመደ ብዬ ተደሰትኩ። የቪየናን ላኩ። አሁንም ጽሑፍ ነው፤ "ኮርቼብሃለሁ ልጄ። ተዝናና።" ተደራራቢው አልጋ ላይ ተቀምጬ አምስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እኮ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር በስልክ መጣልኝ። የዚያን ዕለት ምሽት ሆስቴሉ ምድር ቤት ያለው ባር ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ እስክስታ ወረድኩ። ትከሻዬን ያላነቃነቅኩበት አቅጣጫ የለም። ጓደኞቼ ቀረጹኝ፣ እኔም ለሰፈሩ ሁሉ ለቀቅኩት። ከአቃቂ አንድ ሰው እንኳ ምንም አላለም። ቀንተው ነው ብዬ ተኛሁ።

አልቀኑም። ድንኳን ውስጥ ነበሩ። አባዬ ፕራግ በገባሁበት ቀን ጠዋት ሞቷል። እኔ ጠረጴዛ ላይ የወጣሁት በሣልስቱ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዷ ሴትዮ ትከሻዬን አይታ እሪታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ወልዴ፣ "ተዉት፣ ልጁ አልሰማም" ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

መቼም ወጋችንን ታውቃላችሁ። ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ሆኖ ማን ይደግፈዋል? በእኔ ላይ ደግሞ ሌላ ተጨመረ። ሽማግሌዎቹ መክረው፣ ልጁ እዚያው ሊቀር ነው፣ ከሰማ ሮጦ ይመጣና ዕድሉ ይበላሻል፣ ኑሮው ተደላድሎ ወረቀቱን ሲይዝ ይረዳ ብለው ወሰኑ። እህቴ ሰናይት የአባዬን ስልክ እንድትይዝ፣ ፎቶ በላክሁ ቁጥር እንድትመልስልኝ አዘዟት። እሷም መለሰችልኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁ መቅረቱን ልብ አላልኩም። ጽሑፉ ስለጣፈጠኝ ድምፁን አልጠየቅኩም። ይኼን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ቡዳፔስት ገባሁ። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ የሚወስደውን አውቶቡስ መያዝ ነበረብኝ። ግን ያቺ "ኮርቼብሃለሁ" አላስቀመጥ አለችኝ። አባዬ በአፉ ሲላት ማየት አማረኝ። አሮጌ እቃ ከሚሸጡበት ገበያ ጀርባው ላይ ባቡር የተቀረጸበት የኪስ ሰዓት ገዛሁለትና ለማንም ሳልናገር በመመለሻ ቲኬቴ መጣሁ።

ቃሊቲ ከታክሲ ወርጄ ባጃጅ ስፈልግ የሰፈራችን ልጅ ቶላ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቦርሳዬን ተቀብሎ ጫነና፣ መንገዱ ተቆፍሯል ብሎ እኔ አይቼው በማላውቀው በኩል ወሰደኝ። ሱቅ ደጃፍ አቁሞ ለስላሳ ጋበዘኝ። ባለሱቁ ደግሞ ሻይ። የሻይ ቤቱ ሰው ፓስቲ። ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ ወደ ጓሮ ዞሮ ስልክ ይደውላል። እኔ ቁጭ ብዬ ሰፈሬ እንዲህ ይወደኛል ለካ እላለሁ። በመጨረሻ ያወረዱኝ ጋሽ ወልዴ ቤት ነው። ቤታችሁ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ለመንገደኛ አይሆንም፣ አባትህና ሰናይት ፀበል ሄደዋል አሉኝ። አባዬና ፀበል? ደወልኩለት፣ አልተነሳም። ወዲያው ግን ጽሑፍ መጣ፤ "ፀበል ቦታ ስልክ ማውራት አይፈቀድም" ይላል። አምኜ እራቴን በላሁ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ሰናይት ጥቁር ለብሳለች። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። የገዛሁለት ሰዓት እጄ ውስጥ ነበር።

ለቀስተኛው ከቀለለ በኋላ ሰናይት የእድሩን ሳህን ስታጥብ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ለምን 'ኮርቼብሃለሁ' ብለሽ ጻፍሽ?" አልኳት።

"ጋሽ ወልዴ አበርቺው ስላሉኝ ነው። ደስ ብሎህ እዚያው እንድትቀር።"

"እኔ እኮ እሱን ብዬ ነው የተመለስኩት።"

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። "ብቆጣህ ትቀር ነበር?"

"ፀጉርህን ተቆረጥ ብትዪኝ ይኼኔ የፈረንጅ ሳህን እያጠብኩ ነበር።"

ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ለቅሶ ሆነ። በእጇ አንጓ ዓይኗን ጠረገችና፣ "ኩራቱ ውሸት አይደለም። የእኔ ነው። በራሴ ስም ብጽፍልህ መቼ ታነበው ነበር?" አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ። ከሙኒክ ጀምሮ የላከቻቸው አራት መልእክቶች ሳይከፈቱ ተደርድረዋል።

ባለፈው ሳምንት አቃቂ አሮጌው ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሐዲዱን ሣር ውጦታል። ሰዓቱ ኪሴ ውስጥ አለ። ፎቶ አነሳሁና ጣቴ ልማዱ ሆኖ ወደ አባዬ ቁጥር ላከው። ሰናይት ያንን ስልክ ቻርጅ ማድረግ አልተወችም። ሐዲዱ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

መልሱ ብዙ አልቆየም። "ፎቶው ጠሟል። ሰው ጣቢያ እንዲህ አያነሳም። አንተም ፀጉርህን ተቆረጥ።"

ከጣቢያው በቀጥታ ፀጉር ቤት ገባሁ።