እግዜርን «እርስዎ» ያለች ዕለት

ሰው በሚሠራበት ቤት ሁሉ አንድ የእግዜር ጎረቤት አለች። አላየሁም የሚል ካለ ጆሮውን ይመርመር። ሌላው ሰው ይጸልያል፤ እሷ ግን ታወራዋለች። ሌላው አንገቱን ይደፋል፤ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና ትልና «ስማ እንጂ!» ትለዋለች።

ይህችኛዋ በአንዲት ጠባብ ላውንደሪ ውስጥ አጣቢ ናት። አጠገቧ የሚሠሩት ሽማግሌ ተኳሽ ናቸው፤ የሚተኩሱት ልብስ ነው፣ ሌላ አይጠርጥሩ። ክብርት የእግዜር ጎረቤት ሰው አክባሪ ናት። ለደንበኛው «እርስዎ»፣ ለአሠሪዋ «እርስዎ»፣ ተኳሹን «ጋሼ» ስትል እንኳ ጎንበስ ትላለች። «አንተ» የምትለው በሰማይም በምድርም አንዱን ብቻ ነው። በእርግጥ ሁላችንም እግዜርን «አንተ» ነው የምንለው። ቋንቋችን ጉደኛ ነው፤ ለበር ጠባቂው «አንቱ» እያልን ለፈጣሪ «አንተ» እንላለን። የእኛ «አንተ» ግን ከጸሎት የተዋስነው ነው፤ የእሷ በአጥር ላይ የሚወራ ነው።

ውኃ ሲጠፋ ለምሳሌ፣ «አንተ! ባሕር የከፈልክ ሰው አንዲት ቧንቧ አቃተችህ?» ትላለች። ውኃው ይመጣል፤ አንዳንዴ በማግስቱ። «ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ጠባዩ ነው» ትላለች፣ ስለ ባሏ ታናሽ ወንድም የምታወራ ይመስል።

አንድ ጊዜ ቀይ ወይን የፈሰሰበት የሙሽራ ቀሚስ መጣ። አገላብጣ አየችውና ወደ ጣሪያው ዞረች፤ «ውኃውን ወይን ማድረግህን ሰምተናል፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ወይኑን ውኃ አድርገው!» ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ጣቷ እስኪላጥ ፈተገችው። ለቀቀ። ምስጋናውን ሙሉ ለሙሉ ለእሱ ሰጠች።

የባሰው ጉድ የመጣው ግን ካባቸውን ሊያሳጥቡ በመጡት ዳኛ ላይ ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ «አንተ! ትናንት ምን ብዬህ ነበር? ጆሮህን ምን ነካው?» ትላለች። ዳኛው ቀሉ።

«እኔን ነው?»

«ውይ በሞትኩት! እርስዎንማ እንዴት ደፍሬ! እግዜርን ነው።»

ዳኛው ካባቸውን አስቀምጠው ወጡ። ይግባኝ የለውማ።

ተኳሹ እንፋሎቱ ውስጥ ሆነው ይስቁ ነበር። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጸሎት አፋቸው ውስጥ አልዞር ብሏቸዋል። ይህን ለማንም አልነገሩም። ግን ጠዋት ጠዋት ይህቺ ሴት ጣሪያውን ስትቆጣ ሲሰሙ፣ «እንግዲህ አለ ማለት ነው፤ ለሌለማ አይጮኽም» ይላሉ በሆዳቸው። የቀረቻቸው እምነት ያቺው ነበረች፤ በጆሮ የምትገባዋ።

ከዚያ ግንበኛው ባሏ ከፎቅ ወደቀ።

ሆስፒታል ተኝቶ ዓይኑን አልገልጥ አለ። አሠሪዋ ሴትዮ አይዞሽ ሊሏት መጡና፣ ክፋት እንኳ የለባቸውም፣ አፋቸው ነው፣ «አንቺም አበዛሽው፤ ፈጣሪ እንደዚያ ይደፈራል? ፊቱን አዙሮብሽ ይሆናል» አሏት።

በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ አንገቷን ደፍታ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «እርስዎ ይባርኩልን» አለች።

ተኳሹ ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞሩ። ማንም አልገባም።

«ፈቃድዎ ይሁን» ብላ ጨረሰች።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። በእኛ ቋንቋ ሚስት ባሏን «እራትዎ ቀርቧል» ካለችው፣ ትራሱን ይዞ ሶፋ ይፈልግ። ሁለት ወዳጆች ሲቆራረጡ መጀመሪያ የሚመጣው አክብሮት ነው። አሠሪዋ ግን «ተመስገን፣ አሁን ገና ሥርዓት ያዘች» ብለው ተደሰቱ። ተኳሹ በዚያን ቀን ሸሚዝ አቃጠሉ።

ላውንደሪው ጭር አለ። ውኃ ሲጠፋ ማንንም አልወቀሰችም፤ ባልዲ ይዛ ወረፋ ሄደች። ዝምታዋ ተኳሹን እንቅልፍ ነሳቸው። አንድ ቀን ከሆስፒታል የባሏን የሥራ ሱሪ ይዛ መጣች፤ ሲሚንቶ የደረቀበት፣ ሐኪሞቹ በመቀስ የተረተሩት። ዘፈዘፈችውና ቆማ ቀረች።

«እህቴ» አሉ ተኳሹ ካውያውን አቁመው፣ «ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ከማን ጋር፣ ጋሼ?»

በአገጫቸው ጣሪያውን አሳዩዋት።

«ምን ቆርጦኝ! ፈርቼ ነው። ባሌን በምላሴ ያስቀጣሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል፣ ባከብረው፣ ምናልባት ይተውልኛል ብዬ ነው።»

«እኔም ሚስቴ ስትሞት አክብሬው ዝም አልኩ። ይኸው እስካሁን እንደተዘጋጋን ነው። መኖሩን የማውቀው አንቺ ስትጮኺበት ነው። አንቺም ከፈራሽው፣ እኔ በማን በኩል ልስማው?»

ጎንበስ ብላ ሱሪውን ከሳፋው አወጣችና ውኃው እየተንዠቀዠቀ ወደ ላይ ዘረጋችው።

«አንተ!»

አሠሪዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አሉ።

«አንተ! እየው! ይህን ለብሶ ለሰው ቤት ሲሠራ ነው የወደቀው። የት ነበርክ? አድንልኝ! ሌላ የምለው የለኝም፣ አድንልኝ! ባታድንልኝ… ባታድንልኝም የትም አልሄድም። ወዴት እሄዳለሁ? እያለቀስኩ እዚሁ ደጅህ ነኝ። ብትዘጋብኝም አልነቃነቅም!»

«ኧረ ልጄ…» ብለው ጀመሩ አሠሪዋ፤ እንባቸው ቀደማቸው።

አላዳነላትም። እውነቱ ይነገር፤ ግንበኛው ዓይኑን ሳይገልጥ ሄደ። ለቀብር ከመጣው ሰው ብዙው «አሁንስ በቃ፣ ትተወዋለች» ብሎ ጠበቀ። እሷ በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ስታለቅስም፣ ስትቆጣም፣ ስትለምንም የምትለው «አንተ» ነበር፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ።

ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ሳፋዋ ፊት ቆማ ቀና አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። ከዚያ ተኳሹን በጣቷ ጠቆመች፤ ጣሪያውንም ጠቆመች።

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ካውያውን ነቀሉ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እንግዲህ… እርስዎ…»

እርጥብ ፎጣ መጥቶ ጀርባቸው ላይ ጧ አለ።

«እሺ! እሺ በቃ!» ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። ድምፃቸው ሲወጣ የሽማግሌ አይመስልም ነበር።

«አንተ… እንደምን ከረምክ?»