ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች

የአንድ ሕዝብ የሥልጣኔ ደረጃ በሚጠጣው አይለካም፤ ስለሚጠጣው በሚናገረው እንጂ። ይህን ታላቅ እውነት ለዓለም ያበረከተው «የምርጥ ቢራ ወዳጆች ጉባኤ» የተባለው አንጋፋ ተቋም ሲሆን፣ ተቋሙ አራት አባላትና አንድ ሶፋ አለው። ሶፋው የእማማ ነው። ከአባላቱም አንዷ የእማማ የልጅ ልጅ ናት።

ጉባኤው ከተቋቋመ ወዲህ በከተማው የቢራ ጥራት ረገድ አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል። ይኸውም አባላቱ የማይወዱት ቢራ ከሳምንት ሳምንት እየበዛ መጥቷል።

ሰብሳቢው የጥርስ ሐኪም ናቸው። የሰው ምላስ በቅርብ ሲያዩ የኖሩ በመሆናቸው በጣዕም ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። ጢሞ የሚሉት አርክቴክት አለ፤ የአረፋን ጥራት የሚመዝነው ጢሙ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ሌላው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ዘንድሮ ሰው ምን እንደሚወድ ከማንም ቀድሞ ስለሚያውቅ አዝማሚያ የሚል ስም ወጥቶለታል። መራራ ቢራ በተወደደ ሰሞን ፊቱን አጨማዶ ከረመ። ድፍርስ ሲወደድ፣ የጠራ ቢራ የሚጠጣ ሰው ባየ ቁጥር ከልቡ አዘነ። ቀጥሎ ጎምዛዛው መጣ፤ የጨጓራ መድኃኒቱን ኪሱ ከትቶ በጽናት ጠጣ።

አራተኛዋ ፋርማሲስቷ ናት። እማማ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ የሆስፒታል ጋዋኗን እስከ ዛሬ በገዛ እጃቸው የሚተኩሱላት የልጅ ልጃቸው። ይህች ልጅ ከዕቃ ቤቱ የእማማን ሻንጣዎች አስወጥታ በምትኩ በርሜል አስገባች። ብቅል ዘፈዘፈች፣ እርሾ ጨመረች፣ በጠርሙስ ሞላች፣ ቆርኪ ገጠመች። ከዚያም አንድ ቀን እራት ላይ እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ ጉባኤው የኔን ቢራ አንደኛ ካለው ሥራዬን ለቅቄ ጠመቃ እከፍታለሁ።»

«የሆስፒታሉን ሥራ?»

«አዎ።»

«ጋዋኑስ?»

«ጋዋን ምን ያደርግልኛል?»

እማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ያቺን ማንኪያ እስኪያነሷት ድረስ የልጅቷን ሙሉ ዕድሜ አሰቡ፦ ኩፍኝ የያዛት ጊዜ፣ ፈተና የወደቀች መስሏት ሁለቱም ያለቀሱበት ማታ፣ ስትመረቅ ጫማ የጠበባት ቀን። ይህ ሁሉ በአንድ በርሜል ሊሻር ነው።

በዚያ ላይ ጠርሙሶቹ ይፈነዳሉ። ዕቃ ቤት ውስጥ ድንገት ጧ! ይላል፤ እማማ ካሉበት ብድግ ይላሉ። በሩ ሥር ትራስ ደገፉ፤ በጠርሙሶቹ ላይም ብርድ ልብስ ደረቡ። «ምንም አይደል፣ እርሾው በሕይወት ስላለ ነው» አለቻቸው ፋርማሲስቷ። ሕይወት ያለው ነገር ለሰው ሊቀርብ መሆኑን የሰሙት እማማ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

እማማ ያልፈላ ነገር ወደ ሰው አፍ እንዲገባ ፈቅደው አያውቁም። ውሃ ያፈላሉ፣ ወተት ያፈላሉ። ልጅቷ ሕፃን ሳለች አሻንጉሊቷን እንኳ አፍልተውት ጭንቅላቱ ተጨማዶ ከድስቱ ወጥቷል። እንግዲህ የሰው ልጆች በእሳቸው ሳሎን ተመርዘው ቢወድቁ ለእናቶቻቸው ምን ሊሉ ነው? የጉባኤው ቀን ፋርማሲስቷ ከሥራ ሳትመለስ፣ እማማ ወተት የሚያፈሉበትን ድስት ጣዱና ቢራውን ገለበጡበት። ቢራው ገነፈለ። ማማሰያ ይዘው ጠበቁት። እስኪረጋ፣ ሽታው እስኪጠፋ፣ ታቹ ትንሽ እስኪያር ድረስ አፈሉት። አቀዘቀዙት፤ በማጥለያ አጥልለው ወደ ጠርሙሱ መለሱት፤ ቆርኪውንም ገጠሙት። ትስስ እያለች ስትተነፍስ የነበረችው ቢራ ድምፅዋን አጠፋች።

በጉባኤው ደንብ መሠረት፣ የጠማቂው ስም ዳኝነቱን እንዳያዛባ ጠርሙስ ሁሉ ካልሲ ለብሶ ይቀርባል። የማልበሱ ኃላፊነት የእማማ ነው። ከከተማው ሁለት የታወቁ ጠማቂዎች የወንዝ ዳሩን ቢራ አረንጓዴ ካልሲ፣ የኮረብታውን ግራጫ አለበሱ፤ የልጅ ልጃቸውን ግን ብርድ እንዳይመታው የፈሩ ይመስል ወፍራሙን ቡናማ ሱፍ አጠለቁለት።

ሰብሳቢው ውሃ ፈልገው ወደ ማእድ ቤት ገቡ። ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ በየሱቁ የሚሸጠው ተራ የፋብሪካ ቢራ ተደርድሯል።

«እማማ! ይሄ እዚህ ቤት ምን ይሠራል?»

«ለቧንቧ ሠራተኛው ነው ልጄ። ሲመጣ አንድ ይጠጣል።»

«ምስኪን!» አሉ ሰብሳቢው። የማቀዝቀዣው በር ግን ለሐዘን ከሚያስፈልገው በላይ ክፍት ቆየ።

ጉባኤው ተከፈተ። እማማ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ለማየት በበሩ ክፍተት አጮለቁ።

አረንጓዴው ተቀመሰ። «የወንዝ ዳሩ ነው» አለ ጢሞ ምላሱን እያጮኸ። «ድሮ ቀረ። ዛሬማ ሰው ወደደው፤ ተበላሸ።»

ግራጫው ተቀመሰ። «ኮረብታው ማጣሪያ ገዛ አሉ» አለ አዝማሚያ በሹክሹክታ።

«ማጣሪያ?!»

«በዓይኑ ያየ ነግሮኛል።»

ጉባኤው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ቡናማው ተቀዳ። አረፋ የለም። ሽታ የለም። ሲቀዳ እንደ ጓሮ ውሃ ዝም ብሎ ወረደ። ሁሉም ጎንጨት አሉና እርስ በርስ ተያዩ። ፋርማሲስቷም ጠርሙሱን አላወቀችውም፤ የሷ ቢራ ትስስ ይላል፣ ይሄ የሞተ ነው።

«አረፋ የለውም» አለ ጢሞ፤ ጢሙን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው።

ሰብሳቢው ጣታቸውን አነሡ። «የለውም? ወይስ ትቶታል?»

አዝማሚያ ከሶፋው ተነሣ። ላብ አጠመቀው። «ትቶታል! እኔ እኮ ልል ነበር! አረፋ እንደሆነ አልቆለታል። አሁን ጊዜው የዝምተኛ ቢራ ነው!»

«የወተት ጠረን አለው» አሉ ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው።

«መጨረሻው ላይ ያረረ ነገር» አለ ጢሞ። «ድፍረት ነው!»

«የማን ይሆን?» አለች ፋርማሲስቷ በቅናት። «እንዲህ መጥመቅ የት ተማረ?»

ካልሲው ወለቀ። የራሷ ነበር።

ፋርማሲስቷ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ዘጋችው። እንደ ትልቅ ሰው እግሯን አጣመረች። «እ… አዎ። ሆን ብዬ ነው። ብዙ አስቤበታለሁ።» ከዚያም ድምፅዋ ተቀየረ። «በቃ ወሰንኩ! ነገ ጠዋት የሥራ መልቀቂያዬን አስገባለሁ።»

እማማ በሩን ገፍተው ዘው አሉ። ማማሰያው እጃቸው ላይ ነበር።

«ኧረ ልጆች፣ እኔ ነኝ! አፈላሁት እኮ! በወተት ድስት! የሷ ሥራ አይደለም፣ ምን በወጣት ትልቀቅ!»

ፋርማሲስቷ ቀላች። ሰብሳቢው ቀስ ብለው ብርጭቋቸውን እንደገና አነሡ።

«ድኅረ ጠመቃ ፍላት» አሉ። «በወተት ድስት። ይህን ያሰበ አገር የለም።»

«ስንት ሰዓት አፈሉት እማማ?» አለ ጢሞ።

«ልቤ እስኪያርፍ ድረስ ነዋ! እኔ ምን አውቃለሁ!»

«በስሜት!» ጮኸ አዝማሚያ። «በሰዓት አይደለም፣ በስሜት!»

እማማ ማማሰያውን ደረታቸው ላይ አጣበቁ። እውነቱን ተናግረው ነገሩን አባሱት። በጭንቀታቸው ላይ ሌላ ጭንቀት መጣባቸውና ሳያስቡት አፈነዱት፦

«እንግዲያው ፋብሪካ ከከፈተች ሁሉ ሰው ሊጠጣው ነዋ! የቧንቧ ሠራተኛው፣ ባለ ሱቁ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ… የዚህ ሁሉ ሰው ሆድ በማን ሊላከክ ነው?»

አዝማሚያ ንብ እንደነደፈው ሰው ዘለለ። «ሁሉ ሰው?»

«ሹፌር?» አለ ጢሞ።

«በየሱቁ?» አሉ ሰብሳቢው፤ ሌባ የመጣባቸው ይመስል ብርጭቋቸውን በእጃቸው ከለሉት።

አስቸኳይ ውይይት ተካሄደ። ፋርማሲስቷ «ትንሽ ትንሽ ብሸጥስ?» አለች፤ «ወንዝ ዳሩም እንዲሁ ብሎ ነው የጀመረው» ተባለች። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው የጉባኤውን ውሳኔ አሰሙ፦ ይህ ቢራ በከተማው ታሪክ ወደር የማይገኝለት በመሆኑ፣ ጥራቱን ለመጠበቅ ሲባል ከዛሬ ጀምሮ እንዳይመረት፣ እንዳይሸጥ፣ የሚቻል ከሆነም እንዳይጠጣ። ጠማቂዋም «የማይሸጥ ቢራ ታላቅ ጠማቂ» የሚል የዕድሜ ልክ ማዕረግ ተሰጥቷታል። አንዲት ጠርሙስ ከሸጠች ማዕረጉ ይነጠቃል።

ጭብጨባው ቀለጠ። ፋርማሲስቷ ማዕረጉንና ጠመቃውን በሐሳቧ መዘነች። ማዕረጉ ከበደ።

«ሥራዬስ ታዲያ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ» አሉ ሰብሳቢው። «አርቲስት ሁሉ መተዳደሪያ አለው።»

እማማ ግድግዳ ተደግፈው ተነፈሱ። ከዚያም ማዕረጉ ሳይቀዘቅዝ ጋዋኑን ሊተኩሱ ወደ ማእድ ቤት ሮጡ።

ካውያው ገና ሳይግል ሰብሳቢው ብቅ አሉ። «ውሃ ፈልጌ ነበር» ብለው ወደ ማቀዝቀዣው ዞሩ። ያንን የምስኪኑን የቧንቧ ሠራተኛ ቢራ ከበሩ ጀርባ ቆመው በአንድ ትንፋሽ ገለበጡት። «አደራ እማማ» አሉ አፋቸውን በክርናቸው እየጠረጉ። እሳቸው ሲወጡ ጢሞ ገባ፤ ሲወጣ ጢሙ ላይ ነጭ አረፋ ነበር፤ እማማ ጠርተው በፎጣ ጠረጉለት። አዝማሚያ ሲገባ ሰበብም አልፈለገ፤ «ቀዝቅዟል?» ብቻ ብሎ ጠየቀና በጥርሱ ከፈተው።

እንግዶቹ ሄዱ። እማማ የመጨረሻውን እጅጌ እየተኮሱ ሳለ የማይሸጥ ቢራ ታላቅ ጠማቂ ባዶ እግሯን ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ከዚያ ከተራው አንድ አልቀረም?»

«አንዲት ቀርታለች የኔ እናት።» እማማ አወጡላት። ከዚያም የጠርሙሱን ወገብ ዳሰስ አድርገው በፍርሃት ተመለከቱት። «ቆይ ቆይ፣ ይሄ እኮ አልፈላም። አምጪው ቶሎ ላፍላልሽ።»

ፋርማሲስቷ ጠርሙሱን ነጥቃ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«እማዬ፣ በሞቴ! እንዳትነኪው!»