የባላገር ጠበቃ

ከስድቦቻችን ሁሉ እንደ «ባላገር» የሚገርመኝ የለም። ባለ ቤት፣ ባለ ሱቅ፣ ባለ መኪና ብትሉን ደረታችንን እንነፋለን። ባላገር ብትሉን እንጣላችኋለን። ፍራንክፈርት ገብተንም አልተውነውም፤ የባቡር ትኬት ማሽን ፊት የሚደናበረውን አዲስ መጪ ባላገር እንለዋለን። ጀርመኖቹ ደግሞ ሁላችንንም አንድ ላይ «አውስሌንደር»፣ የውጭ አገር ሰው ይሉናል።

እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ድረስ ጎጃም ገጠር ተወልደው፣ አገርዎ የት ነው ሲባሉ «ፒያሳ» የሚሉ ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀረቻቸው ዘመድ ካናዳ ያደገችው የእህታቸው ልጅ ሕይወት ብቻ ናት። ሕይወት ጠበቃ ናት። ከተመረቀች ጀምሮ የምትሟገተው ከነጮቹ በፊት በዚያ ምድር ለነበሩት ነባር ሕዝቦች ነው፤ አያቶቻቸው ከመንግሥት ጋር የገቡት ውል እንዲከበር። መንግሥት እንደሆነ ውሉ ትዝ የሚለው ሲመቸው ነው።

ኦይሮፓፊርቴል የሚሉት አዲሱ የከተማችን ሰፈር ገና በክሬን ተሞልቶ ሳለ፣ እዚያ የተከፈተ አንድ የጠበቆች ቢሮ ሕይወትን ሊቀጥራት ፈልጎ ከካናዳ አስመጣት። ጋሽ ድረስ የሚስታቸውን የስፌት ክፍል ባዶ አድርገው ቀለም ቀቡላት። እኔንም ለእራት ጠሩኝ። ልጅቷ ግን እራቱ ሳያልቅ ሥራውን እንደማትቀበል ነገረቻቸው፤ የያዘችው የመሬት ክርክር አላለቀም፣ ከሳሾቹ ሽማግሌዎች እሷን ነው የሚጠብቁት።

ጋሽ ድረስ ጉርሻቸውን መለሱ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፣ ከመካከላቸው ጠበቃ ጠፍቶ ነው ወይ አሏት። ቀጥለውም፣

«ለባላገር ብለሽ ነው እኔን ብቻዬን የምትተዪኝ?»

ውጭ አድጋለችና ቃሉ ስድብ መሆኑን አታውቅም። እንደ ሕግ አንቀጽ ፈታችው።

«አዎ ጋሼ። ባለ አገር ናቸው። ፍርድ ቤት የምለውም ይኼንኑ ነው።»

እኔ ሳህኔን ማየት ጀመርኩ።

«አባቴ ባላገር ነበር» አሉ ጋሽ ድረስ። ይህን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ አየር ማረፊያ ሸኘናት። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ አሳዘኑኝ።

«ባላገሩስ ጠበቃ አለው» አሉኝ። «እኔ ሰኞ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ አውስሌንደር ቢሮ ቴርሚን ተቀጥሮልኛል። አብራኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር።»

ሕግ አልተማርኩም፤ ጀርመንኛዬም ከሳቸው አይሻልም። ቢሆንም ሰኞ ኮት ለብሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሠራተኛዋ የትውልድ ቦታ ስትል ፒያሳን ስጠብቅ፣ ጋሽ ድረስ የመንደራቸውን ስም ፊደል በፊደል ነገሯት። ወረቀትዎ አዲስ አበባ ነው የሚለው አለችና፣ ፈቃዱን ከልክላ ለሌላ ቀን ቴርሚን ሰጠችን።

ጋሽ ድረስ ግን ሲወጡ ደረታቸውን ነፍተው ነበር።