ጭራ ያለው ቤት

ቤት ምንድን ነው? ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሐበሻ በሠርግ ሆነ በልቅሶ፣ በልደት ሆነ በክርስትና ላይ ሲያገኛችሁ ገና ወንበር ሳይስብ የሚጠይቃችሁ ነው። «የት ናችሁ አሁን? ቤት ነው አፓርታማ?» ይላችኋል። ልብ በሉ፤ አፓርታማ ቤት አይደለም ማለት ነው። ሰው አፓርታማ ውስጥ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ልጁን ለኮሌጅ አብቅቶ «ምስኪን፣ ቤት እንኳ የለው» ሊባል ይችላል። ቤት የሚባለው ቤዝመንት ሲኖረው፣ ጋራዥ ሲኖረው፣ ሣሩ ሳይታጨድ ሲቀር ደግሞ ጎረቤት የሚያኮርፍበት ሲሆን ነው። እኔ የምነግራችሁ ባንኩ ሁሉ ጥርሱን እያሳየ ለመጣ ለሄደው ያበድር የነበረበትን ዘመን ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ቤት ያልገዛ ዘመድ አልቀረንም። ታክሲ የሚነዳው ገዛ። ታክሲ ነጂውን ያጋባው ገዛ። ሲጋቡ ኬክ የቆረሰው ሁሉ ገዛ። በመጨረሻ አባቴም ገዛ።

አባቴ የገዛው ግን ጭራ ነበረው።

አትቸኩሉ፤ ላስረዳችሁ። አውሮፕላንም እንደ ሰው ጡረታ ይወጣል። ሲያረጅ እርጥበት ወደሌለበት በረሃ ይወሰዳል፤ ሞተሩ ተነቅሎ ይሸጣል፤ የሚጠቅም ዕቃው ሁሉ ተፈታትቶ ያልቃል፤ የቀረው ቀፎ ተቆራርጦ ይቀልጣል። ማን ያውቃል፣ አሁን ይህን እያነበባችሁ የምትጠጡበት የለስላሳ ቆርቆሮ ትናንት ከደመና በላይ ሲሄድ የነበረ ይሆናል። ይህን ሁሉ የተማርኩት በሰፈራችን በሪችፊልድ ካለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም እንዳስተምረውም አልጠየቀኝም። የመጀመሪያው አላስቸገረኝም፤ ሁለተኛውም አላቆመኝም።

አባዬ ደግሞ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ካቢን ነበር የሚያጸዳው። መንገደኛው ወርዶ ሲያበቃ እሱ ይገባል፤ ከወንበር ኪስ የታኘከ ማስቲካ ያወጣል፣ ቀበቶዎቹን እንደ ሕፃን እጅ ደረት ላይ አጣጥፎ ያስተኛል፣ ይወጣል። ከዚያ ሌላው ተሳፍሮ ይሄዳል። ከሁሉም ሦስት ሞተሮቿ ጭራዋ ሥር የተሰበሰቡትን አንዲት አሮጊት አውሮፕላን ይወድ ነበር። ጡረታ ልትወጣ ነው ሲባል እንደ ባልደረባ አዘነላት። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከወረደ በኋላ ነው የገባሁባት» አለ። «አሁን እኔ ልቀመጥባትና ሰው ይምጣ!»

እማዬ በጉዳዩ ላይ አጭር አስተያየት ሰጠች። «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ። ቤት አለኝ በሰማይ የሚል ባል ግን ለእኔ ብቻ ነው የተሰጠው።»

እሷ ተናግራ ሳትጨርስ አውሮፕላኗ መጣች። ክንፎቿ ተፈትተው፣ በትልቅ የጭነት መኪና ተጭና፣ ከኋላዋ መንገድ የተዘጋበት መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋላት እንደ ሙሽራ ገባች። ከሪችፊልድ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ በበቆሎ እርሻ መካከል ባለች ቁራሽ መሬት ላይ በራሷ ጎማ ቆመች፤ ክንፎቿም ተመልሰው ተገጠሙላት። «ብርዱስ?» አለች እማዬ። እዚህ ላይ እኔ ተነሳሁ። ሰማይ ላይ ያለው ብርድ የሚኒሶታን ጥር በጋ እንደሚያስመስለው፣ ያንን የቻለች ይህን እንደማያቅታት በሰፊው አስረዳሁ። ያላስረዳሁት የአውሮፕላን ሙቀት ከሞተሩ የሚመጣ መሆኑን ነው፤ እሱን ገና አላነበብኩም ነበር። ሞተሮቿ ደግሞ ተሸጠዋል።

የመጀመሪያውን ክረምት በጓንት ተኛን። ማሞቂያ ከገባ በኋላ እንኳ እማዬን ያልለቀቃት ጉዳይ ግን ጓዳው ነው። የአውሮፕላን ጓዳ የት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ? በሩ ላይ! እንግዳ ሲገባ ከሰው ፊት በፊት ድስት ያያል። «ሰው ፊቴን ሳያይ ወጤን ያያል» እያለች ታዝናለች። አባዬ ግን ደስታው ሌላ ነው። ከፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ዘርግቶ፣ ማንም ና ውረድ ሳይለው፣ በክብ መስኮት በቆሎውን ያያል።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው እህቴ ሳምራዊት የምታገባው ሰው ያገኘችው። ዮናስ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔ ሳስረዳው ሰዓቱን አያይም። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ አጎቱ። ጋሽ ታደሰ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ሱቅ አላቸው። በርበሬና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ፤ ቀልድ በነፃ ይሰጣሉ። አባዬን ባዩት ቁጥር ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት «እህሳ አቶ መኮንን፣ በረራው መቼ ነው?» ይሉታል። ሌላ ቀን ደግሞ «ምነው ዘገያችሁ፣ አየሩ ተበላሽቶ ነው?» ሰው ይስቃል፤ አባዬ በርበሬውን ይዞ ይወጣል። መኪና ውስጥ ግን መሪውን የሚይዝበትን አያያዝ አይቻለሁ።

ስለዚህ የዮናስ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፣ ከእነሱም አንዱ ጋሽ ታደሰ ናቸው ሲባል፣ አባዬ ብድግ አለ። «ታደሰ በገዛ አፉ ‹ቤት› ሳይል ከእኔ ቤት ልጅ አይወጣም!»

«ዳድ፣ ኢትስ ኧ ፕሌን!» አለች ሳምራዊት።

«ፕሌን የሚበረው ነው። ይቺ ትበራለች?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቷል። አባዬ ቃሉን ካወጣ ይሞታል እንጂ አይመልሰውም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰማዩ በረዶ አርግዞ ባጎነበሰበት ቀን፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ሐጂ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ ታክሲ ነጂ፤ የከተማው ጠብ ግማሹ የታረቀው በእሳቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። ኦቦ ገመቹ፣ እንደ መብራት እንጨት የረዘሙ፣ ቃል የሚቆጥቡ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ የኦቦ ገመቹ ቁመት በእሳቸው ላይ ወደ ጎን የተሰጠ ይመስላሉ።

«በሩን እንዳትከፍት» አለኝ አባዬ። «መጀመሪያ ይጥሩ።»

በሩን ለጆሮዬ ያህል ብቻ ገርበብ አደረግኩ።

«ሄሎ!» አሉ ጋሽ ታደሰ ከታች፣ ከደረጃው ሥር። አባዬ ዝም። የአውሮፕላኗን ሆድ በቡጢ ደበደቡ፤ እንደ ደወል ጮኸች። አባዬ ዝም።

«ምን ተብሎ ነው የሚጠራው?» አሉ ኦቦ ገመቹ መዳፋቸውን እየፈተጉ። «‹አውሮፕላኖች!› ልበል እንዴ?»

«በላ! ምናልባት ፓይለቱ ይሰማ ይሆናል» ብለው ጋሽ ታደሰ ተንከተከቱ።

«አታፍሩም?» አሉ ሐጂ ሰይድ። «የሰው ልጅ ልትጠይቁ መጥታችሁ! ድስት የተጣደበት ሁሉ ቤት ነው።» ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቤቶች!» አሉ።

«አቤት! ይግቡ!» አባዬ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሐጂ አሉ። እሱ አላለም» አለኝ።

ባህሉን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ላስረዳ። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። የልጅቱ ወገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ልጃችን መንገድ ላይ ወድቃ አልተገኘችም ለማለት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። ይህን ሥርዓት ያወጡ አባቶች ግን መሃሉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሳሎን ይኖራል ብለው አላሰቡም። ሦስቱ ሽማግሌዎች በመቀመጫዎቹ መካከል ሻንጣ ማስቀመጫ እንደሚፈልግ መንገደኛ ተሰልፈው ቆሙ። ከፊት ሐጂ ሰይድ፣ ከመሃል ኦቦ ገመቹ በሩ ግንባራቸውን ስለመታቸው እያሻሹ፣ ከኋላ ጋሽ ታደሰ በጎናቸው ተወሽቀው። ለጋሽ ታደሰ የሚታያቸው የኦቦ ገመቹ ጀርባ ብቻ ነው።

ሐጂ ሰይድ ስለ ልጆቹ መዋደድ፣ ስለ ሁለቱ ቤተሰብ ጨዋነት አሳምረው ተናገሩ። አባዬ ጢሙን ዳሰሰ። «ዘመድ ሳላማክር ምን እላለሁ? ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ታደሰ ከኋላ።

«ዘመድ አለኝ አለ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ይኑረው! ሰጠን ወይ?»

«ሌላ ቀን ኑ አለ።»

«ሌላ ቀን? ከዚህ ጉልበት ጋር? በዚህ በረዶ? እኔ ሁለተኛ እዚህ... እዚህ ነገር ውስጥ አልመጣም!»

አውሮፕላኗ «ነገር» ስትባል የአባዬ ዓይን ጠበበች። ከጓዳው ማንኪያ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ሳምራዊት ናት። ሽማግሌ ካልተመለሰ ጉዳዩ ሞተ፤ ጋሽ ታደሰ ከተመለሱ ደግሞ እንዲህ እያሉ ነው የሚመለሱት። እህቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ «ዱ ሰምቲንግ!» የሚል ዓይን ወረወረችብኝ። እኔ ደግሞ በጭንቅ ጊዜ የማውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ማስረዳት ጀመርኩ። ይህች አውሮፕላን ከሌሎቹ የምትለየው ጭራዋ ሥር የሚከፈት የራሷ ደረጃ ስላላት መሆኑን፣ ስለዚህ መንገደኛ በፊት ገብቶ በኋላ መውረድ እንደሚችል...

ሐጂ ሰይድ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ አንተ ልጅ። በዚያ ወጥቶ በዚህ መግባት ይቻላል?»

«ይቻላል ሐጂ።»

«እንግዲህ አቶ መኮንን፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን፤ ደህና ዋሉ» ብለው በክብር ተሰናብተው፣ ሁለቱን አስከትለው በጭራዋ ወረዱ። በጎኗ ዞረው መጡ። «ቤቶች!»

አባዬ በሩን ሲከፍት እንደ ባለሥርዓት ተገርሞ ነው። «ምነው በደህና? እንደገና መጣችሁ?»

«መልስ ፈልገን ነው የመጣን።»

«ዘመድ ገና አላማከርኩም።»

«አማክሯል!» አለች እማዬ ከድስቶቿ መካከል። «እኔ ዘመድ አይደለሁም?»

አባዬ ተሸነፈና ወደ መጨረሻው ምሽጉ አፈገፈገ። «ባህሉ ሦስት ነው።» ሐጂ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስተኛ በር አለ?» ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር የኖርኩት። ከክንፉ በላይ ያለችውን ትንሿን የአደጋ ጊዜ መውጫ አሳየኋቸው፤ እጀታዋን ስባችሁ፣ መዝጊያዋን ከነመስኮቷ አንስታችሁ ወደ ጎን ታኖራላችሁ። ሐጂ ሰይድ እንደ ድመት ወጥተው ክንፉ ላይ ቆሙና እንደ ድመት ተመለሱ። ኦቦ ገመቹ እንደ አናጢ ሜትር ተጣጥፈው ወጡ፤ ተጣጥፈው ገቡ።

ጋሽ ታደሰ እንዴት እንደወጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲመለሱ ግን ወገባቸው መውጫዋ ላይ ተቀረቀረ። እግራቸው በረዶ መያዝ በጀመረው ክንፍ ላይ፣ ራሳቸው ሳሎናችን ውስጥ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ነው የሚጠይቀው አላልኳችሁም? እሳቸው አልተቀመጡም፤ ቆመዋልም አይባልም።

«ታዲያ ሰጠኸን?» አሉ ከዚያው።

«ግማሽህ ነው የመጣው» አለ አባዬ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ። «ለግማሽ ሽማግሌ ሙሉ መልስ አይሰጥም።»

«ኧረ ቀልዱን ተው!»

«ቀልድ ያንተ ነው። እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?»

ጋሽ ታደሰ ተፍጨረጨሩ፤ ገፉ፤ ተነፈሱ፤ ቀሉ። ኦቦ ገመቹ በአንድ እጅ፣ እኔ በሌላው ሳብን። ንፋሱ ከኋላቸው ኮታቸውን ገለበው። ያን ጊዜ በሙሉ ድምፃቸው፣ ከበቆሎው ማዶ ያለው ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣

«ኧረ መኮንን! ቤትህ ጠበበኝ!» ብለው ጮኹ።

«ምን አልክ?» አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

«ቤትህ ጠበበኝ ነው የምልህ! ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ!»

«ሰማችሁ?» አባዬ ተነሳ። «ሐጂ፣ ሰምተዋል? ቤትህ አለ! ሁለቴ አለ!» ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ መልሶ ጠገነውና፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ! ጎትቱት!» አለ። እማዬ ከጓዳ እልል አለች። ሳምራዊት ከመጋረጃው ወጥታ የጋሽ ታደሰን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ስትስብ፣ ለባል እንዲህ የሳበች ሙሽራ ዓይቼ አላውቅም። ጋሽ ታደሰ ከኮታቸው ሦስት ቁልፍ ከፍለው ገቡ። አባዬ በገዛ እጁ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ቁልፉ በተበጠሰው ኮታቸው ደረት ላይ ቀበቶውን አጣጥፎ አስተካከለላቸው።

በዚያ ሁሉ ጉተታ የመውጫዋ ጠርዝ ሳይጎብጥ አልቀረም፤ መዝጊያዋን ብንገፋት ብናግባባት አልገጥም አለች። ጸደይ እስኪገባ ድረስ በብርድ ልብስ ሸፍነናት ከረምን። እኔ በቀዳዳው አጠገብ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ተረጎምኩ፣ አብራራሁ፤ ይህች በር ለከባድ አደጋ ጊዜ ብቻ እንጂ በሌላ ጊዜ እንዳትከፈት በግልጽ ተጽፏል።

እማዬ ብርድ ልብሱን በምስማር እየመታች፣ «ታዲያ ልጅ መዳር ምን ይመስልሃል?» አለችኝ።