የሌሊት ወፎች ጠበቃ፣ ክቡር ዶን ኤውሴቢዮ

በየመንደሩ «የለም» ለማለት የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። «ደህና አደሩ?» ስትሉት፣ «ማን አደረ? ስገላበጥ ነጋ እንጂ!» ይላችኋል። የእኛን መንደር ተሟጋች እግዜር ከእኔ ቤት ጋር አጥር አጋጥሞ አስቀመጠው፤ ክቡር ዶን ኤውሴቢዮ ይባላሉ።

እኛ ኮስታሪካ ውስጥ በብሔራዊ ወፋችን በይጉዊሮ አንደራደርም። መልኳን ላየ ተራ ቡናማ ወፍ ናት፤ ግን በሚያዝያ ስትዘምር ዝናቡን ትጠራለች። አንድ ማለዳ እሷን ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ክቡርነታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ይህን ነው ዘፈን የምትለው?»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ልፍለፋ! ዓመቱን ሙሉ ተኮራምታ ከርማ ዛሬ ጆሮ ታደነቁራለች። ዘፋኝ ከፈለግህ ጣሪያህ ሥር የሌሊት ወፎች አሉልህ።»

የሌሊት ወፎች! ኩሳቸው ግድግዳዬን አዥጎርጉሮት የለ! በንዴት ያንኑ ቀን ከሰዓት መሰላል አቁሜ፣ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ክቡርነታቸው መጥተው የመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጡ። እኔ ላይ ቀረሁ።

«ይነሱልኝ እንጂ፣ ዶን ኤውሴቢዮ!»

«መጀመሪያ ስማ።»

«ምኑን ልስማ? ክንፍ ያበቀለ አይጥ!»

«ዝም በል አንተ ሰው! ለወፏ የሰጠኸውን ጆሮ ለዚህችም ስጣት!»

ምርጫ የለኝም፣ አዳመጥኩ። ከጣሪያው ሥር ስስ ድምፅ መጣ። አንዲት ጨቅላ እናቷ ላይ ተለጥፋ ትንተባተባለች፤ ትጀምራለች፣ ይጠፋባታል፣ ደግሞ ትሞክራለች፤ አፉን እንደሚፈታ ሕፃን። መጥረጊያዬን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያማ «አሳመንኩት!» እያሉ በየደጁ ሲያወሩብኝ ከረሙ።

በጥቅምት ሳንባቸውን ታመሙ። ባለቤታቸው ዶኛ ኦቲሊያ እያለቀሱ መጡ።

«እንዴት ናቸው?»

«እሺ ይላል! መድኃኒቱን ዋጥ ስለው እሺ፤ ቄስ ልጥራ ስለው እሺ!»

ሮጬ ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ዶን ኤውሴቢዮ፣ አሸንፈውኛል። የሌሊት ወፍ ከይጉዊሮ ትበልጣለች።»

ዓይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡ።

«አብደሃል እንዴ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ዝናቡን… ማን ሊጠራልህ ነው?»

ዶኛ ኦቲሊያ በሩ ላይ አማተቡ። እኔም ለሌሊት ወፎች ጥብቅና ቆሜ እስኪመሽ ተሟገትኩ፤ በቁጣ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና እስኪሉ ድረስ። ላብ አጥምቆኝ፣ ተረትቼ ስወጣ ዶኛ ኦቲሊያ እጄን ጨብጠው ያዙኝ።

«የእኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ነገም መጥተህ ተሳሳትልን።»