ጋሽ ሚዛንና ሁለቱ መንታ ጀልባዎች

ሁለት አንድ ዓይነት ነገር ፊት ለፊት ቆሞ የሚደርቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቲማቲም ሊገዛ ወጥቶ፣ ሁለት ቲማቲም በሁለት መዳፉ ይዞ፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ እስኪያጉረመርም ድረስ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ያያል። ስልክ ልቀይር ብሎ ሁለት ስልኮች ሲያወዳድር ሦስተኛው ይወጣበታል። ለልጁ ስም ሲያመዛዝን ልጁ "ባብዬ" እንደተባለ ትምህርት ቤት ይገባበታል። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዳንዶቻችን አግብተነዋል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ራሳችን ነን።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን በሐይቁ ዳር ባለው የጀልባ መሸጫ ግቢ የሚታወቁት ክቡር ጋሽ ሚዛን ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የግቢው መካኒክ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ዱቄት ሲመዝኑና ክኒን ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጣው ሰውዬው ነው እንጂ ሚዛኑ ሥራውን አልተወም።

የግቢው ጀልባ ሻጭ ልጅ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን፣ አያድርስ፣ ደስ ብሏት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ትንሽ የሞተር ጀልባ ፈልገን ነበር። ለመዝናኛ ናት። ለሁለት ሰው ብቻ።"

በግቢው ለሁለት ሰው የሚሆኑ ጀልባዎች ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አራት ሜትር ተኩል፣ የሁለቱም ሞተር አንድ ዓይነት፤ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት የወጡ መንትዮች ናቸው። ጎን ለጎን ተጎታቻቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሻጯ "እነዚህማ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሳሉ" ብላ ወረቀቷን አዘጋጀች። ጋሽ ሚዛን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያም ሻጯ በኋላ በእንቅልፏ ሳይቀር የምትሰማትን ነገር ተናገሩ።

"ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም።"

ይህ ከሆነ አምስት ወሩ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ባለ ካሬ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ደብተሩ መሃል ለመሃል ተሰምሮ በአንዱ በኩል "ግራ"፣ በሌላው በኩል "ቀኝ" ተብሎ ተጽፎበታል። የብርጭቆ ማስቀመጫውን ጥልቀት ይለካሉ። የጀልባዋን ሆድ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ባለቤታቸውን ግራዋ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ቀኟ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስቀምጣሉ፤ እሳቸው ከጎን መሪውን ይዘው ሰዓታቸውን ያያሉ። ባለቤታቸው ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ፔርሙሳቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ ደረቅ መሬት ላይ ሆነው ሐይቁን ያያሉ። መካኒኩ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው እጁን እያውለበለበ ይሸኛቸዋል።

ሻጯ ያልሞከረችው የለም።

"ጋሼ፣ ይቺ ጥሩ ናት። ይቺን ይውሰዱ።"

"ያቺስ መጥፎ ናት?"

"ኧረ ያቺም ጥሩ ናት።"

"አየሽ!" ይሉና ይጽፋሉ።

"ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው ግን?"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።"

"ያልቸኮለውስ ምን አገኘ?"

"ያልቸኮለው አላፈሰሰም።"

ወይ ፍንክች! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሻጯ ጥርሷን ነክሳ ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች።

ቢሮው ውስጥ አንዳንዴ ባለቤታቸው እግራቸውን ለማሳረፍ ይገቡና ሻያቸውን ያካፍሏታል። "እኔስ ለምጄዋለሁ" አሏት አንድ ቀን እየሳቁ። "እኔንና እህቴን ሲያመዛዝን ሁለት ዓመት አባቴ ቤት ተመላልሷል እኮ። መጨረሻ ላይ እህቴ ሰለቻትና ሌላ አገባች። እኔ ተረፍኩለት።" ከዚያ ሳቃቸው እየቀነሰ ሄደ። በመስኮቱ ሐይቁን እያዩ፣ "ከኩሽናችን መስኮት ውሃው ይታያል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳህን ሳጥብ ከቤቴ ሆኜ ሐይቁን አይቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ሐይቁ ላይ ሆኜ ቤቴን ማየት እፈልጋለሁ" አሉ።

"ለጋሼ ነግረዋቸዋል?"

"አይ፣ እሱን አላጣድፈውም። አመዛዝኖ ይጨርስ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ለሻጯ የገበያ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ምክንያቱም የነፋሱ ወራት እየቀረበ ነው። በነፋሱ ወራት ሐይቁ ለትናንሽ ጀልባዎች አራት ወር ይዘጋል። የሚዘጋበት ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሻጯም ጋሽ ሚዛን በገቡ ቁጥር እንዲያዩት በዓይናቸው ልክ አድርጋ ሁለት ጊዜ አዛውራዋለች። እሳቸው ግን ያነበቡት አንዴ ነው፤ ያውም አንድ የተሳሳተ ፊደል አግኝተውበት ነገሯት።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። በማግስቱ ሐይቁ ሊዘጋ ነው። ጋሽ ሚዛን ሁለቱ ጀልባዎች መሃል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለቤታቸው ቀኟ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መካኒኩም መፍቻውን አስቀምጦ መጣ።

"ውጤቱ ታውቋል" አሉ ጋሽ ሚዛን። "ግራ ስልሳ ሁለት ነጥብ። ቀኝ... ስልሳ ሁለት። እኩል ናቸው። ከነፋሱ ወራት በኋላ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።"

ባለቤታቸው የፔርሙሱን ክዳን ቀስ ብለው ገጠሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻጯን አንጀቷን በላት።

"እስቲ ደብተሩን ይስጡኝ!" አለች። አንድ ነጥብ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ካገኘች ይበቃታል። ገጽ በገጽ ገለበጠች። ሁለተኛው ወር ላይ "የግራዋ ወንበር ሲቀመጡበት ይጮኻል" ይላል። አራተኛው ወር ላይ ደግሞ "የቀኟ ወንበር መጮህ ጀምሯል፤ የግራዋ ድኗል። ጩኸቱ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም" ይላል። ሻጯ ክው አለች። ሦስተኛው ወር ላይ የግቢው ወለል ሲሚንቶ ሲደረግ ጀልባዎቹ ተነስተው ነበር። ሲመለሱ ግራዋ በቀኝ፣ ቀኟ በግራ ቆማለች። የአምስት ወር ሚዛን ተደበላልቋል ማለት ነው።

ይህን ብትናገር ምን እንደሚመጣ አሰበች፤ ሌላ አምስት ወር! ዝም ብትል ግን እውነቱ ተሸፍኖ ይቀራል። መዋሸት ደግሞ አልለመደባትም።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ጀልባዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሲሚንቶው ሲሠራ። ደብተርዎ ግማሹ ስለ አንዷ፣ ግማሹ ስለ ሌላዋ ነው።"

ጋሽ ሚዛን አልደነገጡም። መነጽራቸውን እንኳን አላወለቁም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"ልጄ፣ አርባ ዓመት መድኃኒት ሸጫለሁ። ወንበር ጉንፋን የሚይዘው ይመስልሻል?"

ደብተሩን ከእጇ ወሰዱና የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ሰጧት። ቀኑ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ነው። ከስሩ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተብሏል፦ "የምትጮኸዋ። ባለቤቴ ስትቀመጥባት ወንበሩ ጮኸና ከት ብላ ሳቀች። ይቺው ናት።"

ሻጯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ታዲያ አምስት ወር ምን ስናደርግ ነበር?" አለች፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር።

ጋሽ ሚዛን መሬት መሬት አዩ። "ጡረታ ስትወጪ ቅዳሜም ማክሰኞም አንድ ነው፣ ልጄ። እዚህ ስንመጣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይሆናል። እሷ ባርኔጣዋን ታደርጋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ አንቺ ትቆጪያለሽ፣ ያ ደግሞ እጁን ያውለበልባል። ከተገዛ በኋላ ምን ብለን እንመጣለን?"

"እና እትዬ? ሐይቁ ላይ ሆነው ቤታቸውን ማየት እንደሚመኙ ያውቃሉ? ነገ እኮ ይዘጋል!"

ይህን አያውቁም ነበር። ፊታቸው ላይ ታየ። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

ባለቤታቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር። ከጀልባዋ ጎንበስ ብለው ባላቸውን አፍጥጠው ያያሉ። "ቆይ፣ ቆይ። ከመጀመሪያው ቀን መርጠህ ነበር? ታዲያ ያኔ አባቴ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ የተመላለስከው..."

የጋሽ ሚዛን ጆሮ ቀላ። "የአባትሽ ቤት ሻይ ጥሩ ነበር" አሉ።

"አይ አንተ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!" ባለቤታቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ወንበሩ ከስራቸው ጮኸ፤ ሲጮህ ደግሞ የባሰ ሳቁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ "የተረፍኩት እኔ ነኝ" ሲሉ የኖሩ ሴት እንባቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ።

ጋሽ ሚዛን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓታቸውን ሳያዩ ተናገሩ። "ልጄ፣ ይቺ ጀልባ አሁን ውሃ ውስጥ መግባት ትችላለች?"

መካኒኩ መልሱን አልጠበቀም፤ ተጎታቹን እየገፋ ነበር።

መንዳቱን ልታሳያቸው ሻጯ አብራቸው ወጣች። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋችው። ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ዳርቻውን ሲቃኙ ቆዩና ጣታቸውን ቀሰሩ። "ያውና! የኔ መስኮት።" ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ውይ፣ ደግሞ ሳልዘጋው ነው የወጣሁት።" ጋሽ ሚዛን ትከሻቸውን አቀፏቸው። ደብተሩ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ቀርቷል፤ ማንም አላስታወሰውም።

በማግስቱ ሐይቁ ተዘጋ። ሻጯ ለመካኒኩ "እፎይ፣ ተገላገልኩ" አለችው፤ ሳምንቱን ሙሉም ደጋግማ አለችው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ዓይኗ በሩ ላይ እንደሆነ ለራሷም ታወቃት። ተነስታ መጋዘን ገባች። ሁለት የጀልባ ማሰሪያ ገመዶች፣ አንድ ዓይነት ውፍረት፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ መካኒኩ።

"ምንም።"

በሦስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሚዛን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አዲስ ደብተር ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ባርኔጣና ፔርሙስ ተከተለ።

"ልጄ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ጀልባዋን የምናስርባት ገመድ ቢኖርሽ ብለን..." ጠረጴዛውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ሁለቱም አንድ ናቸው" አለች ሻጯ ቀድማቸው።

"ግን አንድ አይደሉም" አሉና ደብተራቸውን ከፈቱ።

ሻጯ ለሻዩ ሦስተኛ ብርጭቆ ልታመጣ ሄደች።